የዕድሩን ሜጋፎን እንደበየድኩት

የሰፈራችን ዕድር ሜጋፎን ለሠርግ አይወጣም። ለስብሰባ አይወጣም፤ የጠፋ በግ አይለፈፍበትም፤ ልጅ አይጫወትበትም። ሰው ሲሞት ብቻ ነው የሚጮኸው። ጭሮ ውስጥ፣ ትልልቆቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ በሚሏት ከተማ፣ ከአስፋልቱ በላይ ባለው ዳገት የሚኖር ሰው ያንን ድምፅ በማለዳ ሲሰማ የያዘውን እንደያዘ ቀጥ ይላል። ስም እስኪጠራ ድረስ ማንም ሥራውን አይቀጥልም።

ስም የሚጠራው አባቴ ነው። ከመንገድ ሥራ በጡረታ ከተገለለ ወዲህ የዕድሩ ለፋፊ ሆኗል። ድሮ በጥሩምባ ነበር፤ ዕድሩ ሜጋፎን ሲገዛ ጥሩምባውን አልጋው ሥር ከተተና አዲሱን እንደ አራስ ልጅ ታቀፈው። የሞት ወሬ ሲደርሰው ጉሮሮውን በሞቀ ውሃ ያለሰልሳል፣ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል፣ ይወጣል። በአማርኛ ይለፍፋል፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ ይደግመዋል፤ ዕድራችን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የያዘ ነውና። ከዳገቱ ጫፍ እስከ አስፋልቱ ያልሰማ ቤት እንዳይኖር አድርጎ ነው የሚመለሰው።

እኔ ሴት ልጁ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ቁጣ ይቀድመኛል፤ አልክድም። ሰፈሩም «አባትየው ሜጋፎን ይዞ ይጮኻል፣ ልጅቷ ሳትይዝ» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። ያ ሜጋፎን የተበላሸ ሰሞን ግን የጮህኩት ሲያንሰኝ ነው።

ዕቃው አርጅቷል። ከማይኩ ወደ ሆዱ የሚገባው ሽቦ አባቴ ሲራመድ እያወዛወዘው ይላላል፤ ሲላላ ይበጠሳል፤ አስጠግነን ስንመልሰው ደግሞ ይበጠሳል። አንድ ማለዳ ታዲያ ጉድ ሠራን። አባቴ ዳገቱ መሃል ቆሞ «የዕድር አባላት ሆይ፣ አቶ» ከማለቱ ድምፁ ድርግም አለ። አቶ ማን? ባል ያላት ሁሉ ዞር ብላ ባሏን አየች። ሰው በየበሩ ወጥቶ «አቶ ማን?» እያለ ይጠያየቃል፤ አባቴ በባዶ ጉሮሮው የሟቹን ስም ይጮኻል፤ ነፋሱ ይወስድበታል። ቤት ለቤት ሄዶ ሊያዳርስ ሞከረ። ጉልበቱ የድሮው አይደለምና ከሁሉም በላይ የሚኖሩት ስልክ የሌላቸው አሮጊት ጋ ሲደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። ሴትየዋ በራቸው ላይ ቆመው «አብሬው ያረጀሁትን ጎረቤቴን አፈር ሳላለብሰው አስቀረኸኝ» አሉት። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

የዕድሩ ሊቀመንበር በሳምንቱ ቤታችን መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ቴሌግራም ከለመዱ ወዲህ ግን የማይፈታ ችግር ያለ አይመስላቸውም።

«አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ ለሁሉም ይደርሳል» አሉ። «እርስዎም በዚህ ዕድሜዎ ዳገት ከመውጣት ያርፋሉ። ለዚህ አሮጌ ዕቃ ሌላ ምትክ መግዛት ደግሞ ኮሚቴው አይፈልግም። በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ሜጋፎኑ ከሠራ መልካም፣ ይቀጥላሉ። ካልሠራ ግን ጋቢ አልብሰን በክብር እናሰናብትዎታለን።»

«ጋቢ አለኝ» አለ አባቴ።

እኔ ግን ፊቱን አየሁት። ሊቀመንበሩ ከወጡ በኋላ ሜጋፎኑን በጨርቅ መወልወል ጀመረ፤ የተወለወለውን መልሶ ይወለውላል። ይህ ሰው ከዚህ ሥራ ሌላ ከቤት የሚያስወጣው ነገር የለውም። ጠዋት የሚነሳው ምናልባት ዛሬ እፈለግ ይሆናል ብሎ ነው። ይህን ሥራ ከነጠቁት በወሩ አልጋ ላይ እንደማገኘው አወቅኩ። ከድሬዳዋ ሌላ ላስመጣለት ብለው «የዕድር ዕቃ በግለሰብ ኪስ አይገዛም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እንግዲህ የቀረው አሮጌውን ማስነሳት ነው።

እስከዚያ ድረስ ሽቦውን የምትቀጥልልን መናኸሪያው አጠገብ ሪሲቨርና የሶላር መብራት የምትጠግን ሴት ነበረች። ባሏ ሲሞት ሱቁን ከነዕቃው ተረክባ ሙያውን ከእሱ ባየችው የያዘች ሴት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ «እርስዎ» ስላት ግን ዞር ዞር ብላ «ሌላ ሰው አለ እንዴ?» ትለኛለች። ለእሷ በኦሮምኛ የለመደችው አንቺ ይበቃታል። እኔም በኋላ ስታስተምረኝ ኡስታዛ፣ መምህርት፣ አልኳት፤ ደስ አላት።

ሜጋፎኑን ይዤ ስሄድ ሻንጣ እያሰረች አገኘኋት።

«ልጄ ልትወልድ ነው። ልጄን ላርስ ገለምሶ እሄዳለሁ» አለችኝ። «አሁን ብበይድልሽም ይበጠሳል። ሽቦው ሁሉ ደርቋል፣ ከሥሩ መቀየር አለበት፣ በተበጠሰም ቁጥር መቀጠል አለበት። እኔ የለሁም። ለምን አንቺ አትማሪም?»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«አባትሽ በዚያ ዕድሜው ዳገት ይወጣ የለ?»

ከመሄዷ በፊት በቀረው አንድ ሳምንት ከሥራ በኋላ እየመጣሁ እንድማር ተስማማን።

ኡስታዛ ጠዋት አታስተምርም። ጠዋት ደንበኛ ይጮኻል፣ እጅ ይቸኩላል ትላለች። የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግዳ፣ ጫቷን ይዛ፣ ትራሷ ላይ ደገፍ ስትል ነው ትምህርት የሚጀመረው። መበየጃውን ካውያ ትለዋለች፤ ልብስ ከምንተኩስበት ጋር ስሙ አንድ ሆኖብኝ መጀመሪያ ቀን ሳቅኩ። ሁለተኛ አልሳቅኩም። እንደ እስክሪብቶ ወደ ጫፉ ጠጋ አድርጌ ያዝኩትና ጣቴን ላጠኝ። እኔ እየዘለልኩ ስሳደብ እሷ ቅጠሏን እየመረጠች «አብሽሪ፣ ተመረቅሽ። ሳይቃጠል የተማረ የለም» አለችኝ።

ሁለት ወደ ውጭ የተጣሉ አሮጌ የሪሲቨር ቦርዶች ሰጠችኝ። «የሞቱ ናቸው፤ እንደፈለግሽ ግደያቸው» አለች። እኔም እንደፈለግኩ ገደልኳቸው። ሊዱን፣ ያንን እንደ ክር የተጠቀለለውን የሚቀልጥ ብረት፣ ካውያው ጫፍ ላይ አቀልጥና ተሸክሜው ሽቦው ላይ ላንጠባጥበው እሞክራለሁ። ጠብ ይላል፣ ድቡልቡል ሆኖ ይቀመጣል፣ ሽቦውን ስነካው አብሮ ይነሳል። ሰው የሚያየው ቢሆን ብየዳ አይለውም፤ የፍየል በጠጥ ነው የሚለው።

ኡስታዛ እጄን ያዘች። «ለማን ነው የምታጎርሺው?» አለችኝ።

«እ?»

«ሊዱን ለካውያው እያጎረስሽ ነው። ካውያው ጠግቧል። የራበው ሽቦው ነው። መጀመሪያ ሽቦውን አሙቂው፤ ሲሞቅ አፉን ይከፍታል፤ ያኔ ሊዱን ለሽቦው አጉርሺ። ራሱ ይውጠዋል።»

ካውያውን ሽቦው ጎን አስደግፌ ጠበቅኩ። መጠበቅ ለእኔ ከመቃጠል ይብሳል። ልነሳ ስል «ሱታ፣ ሱታ» ትለኛለች፤ ቀስ በይ ማለቷ ነው። ሊዱን ከወዲያኛው በኩል ለሽቦው አስነካሁት። ቅልጥ አለና ሽርር ብሎ በሽቦዎቹ መሃል ገባ፤ እኔ አላንጠባጠብኩትም፣ ራሱ ነው የሄደው። ስትረጋ የምታብለጨልጭ ትንሽ ነገር ሆነች። የሰው ልጅ እንዲህ ባለ ነገር እንዴት ደስ ይለዋል? እኔን ግን ደስታ አሰከረኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳኋት፤ ለአባቴ አሳየሁት፤ አባቴ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየና «ምኑ ነው?» አለኝ።

ሌላው መከራዬ ትንፋሼ ነበር። ብየዳው ሳይረጋ አነቃንቀዋለሁ። የሚፈጀው ጥቂት ነው፣ ግን ያቺን ጥቂት እንኳ እጄ አይችላትም። የተነቃነቀ ብየዳ ደግሞ ይደበዝዛል፣ አመድ ይመስላል፤ ዛሬ ይዞ ነገ ይከዳል። ኡስታዛ «ዱዓ አድርጊበት» አለችኝ። እሷ ካውያ ባነሳች ቁጥር «ቢስሚላህ» ትላለች፤ ሊዱ ከቀለጠ በኋላ ደግሞ በልቧ አንዲት አጭር ነገር ትላለች፣ ስትጨርሳት ረግቷል። እኔም «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» ማለት ጀመርኩ። «ስምህ ይቀደስ» እስክል ድረስ ይረጋል። ለሽቦ ብሎ እንደ እኔ የጸለየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

መብራት በመሃል ይጠፋል እንግዲህ፤ ያ የማይቀር ነው። ካውያው ገና ሞቀ ስንል ድርግም ይላል፣ ሁለታችንም እኩል «ወይኔ» እንላለን፣ እሷ ጫቷን ትቀጥላለች፣ እኔ መንግሥትን እራገማለሁ። በጨለማው ውስጥ ስለ ባሏ ታወራልኛለች። ሲበይድ ያፏጭ ነበር አለችኝ። ከሞተ በኋላ መጀመሪያ የበየደችው እሱ ጀምሮት የተወውን ሪሲቨር ነው። «እያለቀስኩ ስበይድ እንባዬ ካውያው ላይ ሲወድቅ ጭስስ አለ። ከዚያ ሳቅኩ» አለችኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እወዳታለሁ ይህችን ሴት፤ እዚህ ላይ ይጻፍልኝ።

መሄጃዋ ደርሶ ወደ ገለምሶ ሚኒባስ ስትሳፈር ካውያዋን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ጭሱን አትሳቢው። ሜጋፎኑን ደግሞ መጨረሻ ላይ ክፈቺው እንጂ መጀመሪያ ላይ አይደለም» አለች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ለማለት ፈልጋ ነው። እኔስ መች ሰማኋት? ቤት እንደገባሁ ሜጋፎኑን ከፈትኩት።

አባቴ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ተቀመጠ። በየምሽቱ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ዘግቼ ስመጣ ጠረጴዛውን ወልውሎ፣ ጨርቁን አርጥቦ፣ ባትሪዎቹን በተርታ አቁሞ ይጠብቀኛል። «ዶክተር፣ በሽተኛው እንዴት ዋለ?» ይለኛል። እኔም «ዘመድ ውጭ ይጠብቅ» እለዋለሁ። አይወጣም።

አሮጌውን ሽቦ አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ፤ እሱን ስበይድ የካውያው አንገት የባትሪውን ሽቦ ነክቶ አቀለጠው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እኔን ነው። የባትሪውን ስጠግን የማይኩ ተነቀለ። ጉባኤው እየቀረበ ነው። አንድ ቀን ካውያውን ወርውሬ ወጣሁና ጓሮ ሄጄ ተቀመጥኩ። ተመልሼ ስገባ አባቴ የወደቁትን ቁርጥራጭ ሽቦዎች አንድ በአንድ ለቅሞ ሳህን ላይ አድርጓቸዋል።

«ካልሆነ ይቅር፣ ልጄ» አለኝ። «ጋቢውን እቀበላለሁ። አንቺ ጣቶችሽን ጨረስሻቸው።»

እንደዚያ ሲለኝ ጭራሽ ተናደድኩ። የሱ መናደድ ሲገባው እኔን ያባብላል። ያን ጊዜ ነው ገለምሶ የደወልኩት። ኡስታዛ በቪዲዮ መጣች፤ ከኋላዋ አዲስ የተወለደው ልጅ ይጮኻል፣ እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በስልኩ ውስጥ ብየዳዬን ታያለች።

«አመድ ነው ይሄ» አለች። «ላዩ ላይ ቁጭ ብሏል እንጂ አልገባም። ለምን ትቸኩያለሽ?»

«ጉባኤው እሁድ ነው፣ ኡስታዛ።»

«ሽቦው እሁድን አያውቅም» አለችና ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ቅዳሜ ማለዳ መብራት ነበረ። አባቴ ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ወርዷል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። አመድ የመሰለውን ብየዳ ሁሉ አንሥቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ጫፉን ጠረግኩ፣ ሽቦውን አሞቅኩ፣ አጎረስኩ፣ አባታችን ሆይ ብዬ ሳልነቃነቅ ቆየሁ። ሁሉም አብለጨለጩ። ባትሪዎቹን ከተትኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ወደ በረንዳ ወጣሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ።

«ሃሎ» አልኩ።

ድምፄ ከፊት ለፊት ካለው ጋራ ተመልሶ መጣ። እንደዚያ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም። እንባዬ መጣ። መቼም ደስታ ሰውን ያጃጅላል፤ በዚህ ጊዜ የማስበው አባቴ እንዲሰማ ብቻ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዞሬ፣ ሜጋፎኑን አፌ ላይ ደቅኜ፣ እንባዬ እየወረደ ባለ በሌለ ኃይሌ «አባዬ» እያልኩ ጠራሁት። ደጋግሜ። «አባዬ፣ አባዬ፣ አባዬ»።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ማለዳ ነው። ሞት ብቻ የሚለፈፍበት ሜጋፎን ነው። የሚወጣው የለፋፊው ድምፅ ሳይሆን የልጁ ነው፣ እያለቀሰች አባዬ ትላለች።

መጀመሪያ የደረሱት የታችኛዋ ጎረቤታችን ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ያ ድምፅ፣ ያ ድምፅ» እያሉ። ምን እንደሆኑ እስክጠይቃቸው በሩ ሞላ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙ። «አልሞተም» አልኩ። «አዎ፣ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ያደርጋል። አውጪው» አሉኝ። «ኧረ ደህና ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው» አልኩ። «ወይኔ፣ እዚያም ወስደውታል» ብላ አንዷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከመስጊዱ በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን «ኢና ሊላሂ» እያሉ ገቡ። እኔ ልጮህ ስል የበለጠ አጥብቀው ይይዙኛል። ቁጣዬ በጠዋቱ ያተረፈልኝ ይህን ነው፤ ድሮም ጯሂ ነኝና ማንም አላመነኝም።

ሊቀመንበሩ ሸሚዛቸውን አዛብተው ቆልፈው መጡ። ስልካቸውን እንኳ ቤት ረስተዋል። ግድግዳው ላይ ተደግፈው እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቁ «አሁን የእሳቸውን ሞት ማን ሊለፍፍልን ነው?» ይላሉ። ወጣቶቹ የዕድሩን ድንኳን ከመጋዘን አውጥተው ተሸክመው ደረሱ። ብረቱን በራችን ላይ ማቆም ጀመሩ።

አባቴ፣ በዜማው መሃል ጥሪዬን ሳይሰማ፣ ያን ጊዜ ነው ከኪዳን የተመለሰው።

ከታች በኩል ሲመጣ እኔ አየሁት፤ ሌላው ሰው ጀርባውን ሰጥቶታል። ድንኳኑን አየ። ሕይወቱን ሙሉ የሰው በር ላይ ያየውን ድንኳን የራሱ በር ላይ አየው። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ እሱ ደግሞ ቆሟል። መቋሚያው ከእጁ ወደቀ። ሊሮጥ ሞከረ፣ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣም። ያ ዳገቱን ሁሉ የሚያዳርስ ሰው እንደ ዓሣ አፉን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። የያዙኝን ሴቶች ገፍትሬ ወደ እሱ ሮጥኩ። የእጄን አንጓ ያዘኝና ፊቴን ዳሰሰው። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ አባቴ በስንት መከራ።

ሊቀመንበሩ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠርገው «እርስዎ ነዎት» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ግን አልሳቀም። አንጓዬን ሳይለቅ «ሜጋፎኑ ሠራ እንዴ?» አለኝ። ሠራ አልኩት። አምጪው አለ። ተቀብሎኝ ጉሮሮውን ጠረገና በገዛ ድንኳኑ ሥር ቆሞ ለፈፈ።

«የዕድር አባላት ሆይ። ዛሬ ማንም አልሞተም። እኔም አለሁ፣ ልጄም አለች። ማንም አልሞተም።» ቀጥሎ በኦሮምኛ «ሀርአ ነምኒ ዱኤ ህንጅሩ» ብሎ ደገመው። ከዳገቱ ጫፍ ያሉት አሮጊት በዚህ መሃል በዱላቸው እየተደገፉ ደረሱና «ዛሬስ አላመለጠኝም» ብለው አንድ ወንበር ያዙ።

ድንኳኑን ማን ያፍርሰው? ለልቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ መጣ፣ ዳቦ መጣ፣ እስከ ቀትር ተበላ፣ ተሳቀ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ወንበሩን አጠገቤ አምጥቶ ጠየቀኝ።

«ሊቀመንበሩ አልቅሰዋል?»

«አልቅሰዋል።»

«በእንባ?»

«በእንባ።»

«የታችኛዋስ?»

«ደረታቸውን እየመቱ።»

ራሱን ነቀነቀና ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ጠየቀኝ። ሰፈሩን በሙሉ አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። እኔም ሳይሰለቸኝ ነገርኩት፤ ለአንዳንዶቹ ካለቀሱት በላይ አስለቀስኳቸው።

እሁድ ጉባኤው ተደረገ። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ሲያነሡ ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። «ትናንት ቴሌግራም አልተጻፈም፣ ማንም ግን አልቀረም» አሉ ራሳቸው፣ አባቴ ይቀጥል ተባለ፣ ተጨበጨበ። አባቴ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሜጋፎኑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ዳገቱ ላይ እያረፍን እንሄዳለን። ደስ ብሎኛል። እሱ ግን መሃል ላይ ቆመ።

«ድንኳኑን ሳይ አንቺ ነሽ ብዬ ነበር» አለኝ። «ኤሌክትሪክ ይዞሻል ብዬ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«አታውቂም። እኔ የዚህን ሰፈር ሰው ሁሉ ጠርቻለሁ። የእናትሽን ስም እንኳ ጠርቻለሁ፣ ድምፄ ሳይሰበር፤ ሌላ ሰው እንዲጠራት አልፈለግኩም። ትናንት ድንኳኑን ካየሁበት ጀምሮ ያንቺን ስም በአፌ ሞከርኩት። ልጠራሽ ነዋ፣ ሥራዬ ነው። አልወጣ አለኝ። እስከ በራችን ድረስ ሞከርኩት፤ አልወጣም።»

ቁጣ ሊቀድመኝ ነበር። ስለ ሞት አታውራ ልለው ነበር። ተውኩት።

«ስለዚህ ቃል ግቢልኝ» አለ። «ተራው እንዳይዛባ። እኔን አንቺ ትጠሪኛለሽ፤ እኔ አንቺን አይደለም።»

እሺ አልኩት። ሜጋፎኑን ከትከሻው ተቀብዬ የቀረውን ዳገት እኔ ያዝኩለት።